የውበቴ ድምፅ በቀይ ቀለም

ኦዴሳ፣ የካቲት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለመምህሬ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ቢቸና።

የኔታ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን የእትዬ ወለተ ገብርኤልን ጤና፣ የደብሩንም ሰላም እጠይቃለሁ። እኔ ከብርዱ በቀር የሚጎዳኝ ነገር የለም። ብርዱም የመጣው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለመላው ከተማ ስለሆነ ቅሬታ አላቀርብም።

ሴት ልጅ እንደተወለደችልኝ የሚገልጸው ደብዳቤ በሰባት ሳምንቱ ደረሰኝ። ውበቴ መባሏን ወደድሁት። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ይርጋነሽ ሁለት ጊዜ ጽፋልኛለች። ሁለቱም ደብዳቤዎች «ልጅቱ ደህና ናት፣ ትጠባለች፣ ትጮኻለች» ይላሉ። እንደሚያውቋት አስተማሪ ናት፤ አንድን ነገር በሦስት ቃል ከጨረሰች አራተኛ አትጨምርም። ነፍሰ ጡር ሆና ትቻት መምጣቴንም ገና አልማረችኝም። ይህንንም የነገረችኝ ባለመጻፍ ነው።

ታዲያ እንዴት ነው የምትጮኸው? የአፈር ጥናት ልማር በመጣሁበት ቤተ መጻሕፍት አንድ ስለ ሕፃናት የተጻፈ መጽሐፍ አገኘሁና የአፈሩን ትቼ እሱን ያዝሁ። ሕፃን መጀመሪያ ያለቅሳል፤ በሁለት ወሩ ገደማ ከጉሮሮው «አጉ» ማለት ይጀምራል፤ ከዚያ «ባባባ» እያለ ይደረድራል፤ በዓመቱ ግድም አፉን ይፈታል ይላል። የየትም አገር ሕፃን ሲጀምር አንድ ዓይነት ነው፤ እየቆየ ግን ገና ቃል ሳያውቅ የአገሩን ሰው አነጋገር ዜማ ይይዛል። እንግዲህ ልጄ ጎጃሜ የምትሆንበት ቀን እኔ በሌለሁበት ሊያልፍ ነው።

በቢቸና ያለው ቴፕ አንድ እንደሆነ፣ እሱም የቀበሌው እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የምለምንዎ ሌላ ነው። ከድጓው ፊደል በላይ የሚቀመጡትን የዜማ ምልክቶች እርስዎ ናቸው ያስተማሩኝ፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼም አልረሳኋቸውም። ይርጋነሽ ስታስተምር ልጅቱ የምትውለው ከእናንተ ዘንድ ነው። የምታሰማውን ድምፅ በምልክት ጽፈው ይላኩልኝ፤ እኔ እዚህ አዜመዋለሁ። ሌላ የምሰማበት መንገድ የለኝም።

እጅዎን የምስመው ልጅዎ
ደምለው


ቢቸና፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፤

በሄድህበት የማይለይህ አምላክ በበረዶውም ውስጥ ይጠብቅህ። እኛ ፋሲካን በሰላም ውለናል።

ደብዳቤህን ለወለተ ገብርኤል ሳነብላት፣ «ይህ ልጅ ታሟል እንዴ?» አለችኝ።

«አልታመመም፤ ተምሯል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እኔም ሦስት ቀን አሰብሁበት። ምልክቱ የተሠራው ለምስጋና ነው፤ ለሕፃን አጉ አጉ ማዋል ድፍረት እንዳይሆን ፈራሁ። ኋላ ግን ዜማን መጀመሪያ ያሰሙት ከገነት የመጡ ወፎች መሆናቸው ትዝ አለኝ። ለወፍ ያልተከለከለው ክርስትና ለተነሣች ልጅ የሚከለከልበትን ምክንያት አጣሁ። ሸምበቆዬን ቀርጬ፣ ቀይ ቀለሜን በጥብጬ ከመኝታዋ አጠገብ ተቀመጥሁ።

ግማሽ ቀን እኔ እሷን አየኋት፣ እሷ እኔን አየችኝ። ጎረቤታችን አመተ ሥላሴ ብቅ አለችና፣ «መሪጌታ፣ ለሕፃኗ ክታብ እየጻፉላት ነው?» አለች።

«አይደለም፤ የምትናገረውን ነው የምጽፈው።»

«ምን ተናገረች?»

«እስካሁን ምንም።»

«ይኸንንማ ለእኔም ልጅ ይጻፉልኝ፤ ዝም ካሰኘ።»

ከሰዓት በኋላ ግን ጀመረች። ምልክቱን ከፊደሉ በላይ በቀይ አድርጌዋለሁ፤ ቀለሙ በመንገድ ቢለቅቅ ብዬ በቃልም እነግርሃለሁ። የመጀመሪያው «አጉ» ነው። «አ» ላይ ደረት አለ፣ ከውስጧ ነው የምታወጣው። «ጉ» ላይ ቅናት አለ፣ ወደ ላይ ትሰቅለዋለች። ሁለተኛው «አጉ፣ ኧኧኧ» ሲሆን መጨረሻው ርክርክ ነው፤ ድምፁ እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ሦስተኛው ረዥም ሆኖ ሄደና መካከሉ ላይ ቁርጥ አለ። የቆረጠው ማስነጠስ ነው። ማስነጠሱንም ጽፌዋለሁ፤ ከሰማሁት አልቀንስም፣ አልጨምርም።

አንድ ነገር አስገረመኝ። ያለችውን መልሼ ሳዜምላት ዝም ብላ አፌን ታያለች፤ ስጨርስ ትቀበለኛለች። በማሕሌት ግራና ቀኝ ቆመን እንደምንቀባበለው ነው። ከደብራችን መዘምራን መካከል ተራውን እንደ እሷ የሚጠብቅ አላየሁም።

አጎትህ
ኃይለ ጊዮርጊስ


ኦዴሳ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

ባሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ የክረምቱም ዝናብ ለእህል የሚበቃ፣ ለመንገድ የሚራራ ይሁን።

ደብዳቤዎ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ደረሰኝ። የከፈተው ሰው ምን እንደተሰማው አላውቅም። እኔ በሩን ዘግቼ አዜምሁት። «ጉ»ን ወደ ላይ እስክሰቅለው ደጋገምሁት። አንድ ክፍል የምንኖረው ቱዋን ከሚባል የቬትናም ሰው ጋር ነው፤ እሱም ልጁን ትቶ የመጣ ነው። ከአልጋው ቀና ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ይህ የእኔ ልጅ ነው» አለ። አይደለም፣ የእኔ ናት አልሁት። «አይደለም፣ የእኔ ነው» አለ። መጽሐፉ ልክ ነበር ማለት ነው። አሁን በየምሽቱ ሁለታችንም እናዜማለን፤ ማስነጠሱ የእሱ ድርሻ ነው።

የኔታ፣ አንድ ምክር እፈልጋለሁ። የመጣሁበት ሁለት ዓመት ሲያልቅ ሦስት ዓመት ጨምሬ ዶክተር ሆኜ እንድመለስ አስተማሪዎቼ ጠይቀውኛል። የምፈርመው በመጪው ዓመት ሰኔ ነው። ድምጿ እንዲህ እየደረሰኝ ከሄደ የምችለው ይመስለኛል፤ ካልደረሰኝ ግን አልችልም። ለይርጋነሽ ገና አልነገርኋትም። እርስዎም አይንገሯት።

ልጅዎ ደምለው


ቢቸና፣ መስከረም 25 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፤

አዲሱ ዓመት ላንተም ለዚያ ለቬትናሙ አባትም የደስታ ይሁን።

በሰኔ የጻፍሁልህ እንዳልደረሰህ አውቄአለሁ፤ ያለው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። ሊቀመንበሩ ጓድ ፋንታ አስጠሩኝና ወረቀቱን ዘርግተው፣ «መሪጌታ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሕፃን ድምፅ ነው።»

«ቀዩስ?»

«አነሣሡና አወዳደቁ ነው።»

«የማን አነሣሥ? የማን አወዳደቅ?»

«የድምፁ።»

ከኮሚቴው አንዱ መልሴን ጻፈው። ጓድ ፋንታ፣ «እንግዲያው ያዚሙት» አሉ።

ለአምስት የኮሚቴ አባላት ቆሜ አዜምሁ። ልጅቱ በሰኔ «ባባባባ» እያለች መደርደር ጀምራ ነበር፤ እሱንም እስከ መጨረሻው አሰማኋቸው። ማንም አልሳቀም። ጓድ ፋንታ፣ «ሌላ ሰው እንዲህ ይጽፋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ እስከማውቀው የለም አልሁ። ፋይል ተከፈተልኝ። ዕድሜዬ ስድሳ ሁለት ነው፤ ፋይል ሲኖረኝ የመጀመሪያዬ ነው።

«ባባባ»ውን ከዚህ በታች ታገኘዋለህ። እያንዳንዱ «ባ» ላይ ይዘት አለ፤ ትይዘዋለች፣ ትለቅቀዋለች፣ መጨረሻውን ግን አታሳርፈውም። ለቃል የሚሆን ድንጋይ እያመጣች ከደጅ የምትከምር ትመስላለች፤ ቤቱን ገና አልጀመረችውም።

ሌላው፣ ይርጋነሽ ወደ ሞጣ መዛወሯን ሳትጽፍልህ አልቀረችም። እንድሪስ ከሚባል ጨርቅ ነጋዴና ከባለቤቱ ከዑሙሰልማ ግቢ ቤት ተከራይታለች፤ ልጅቱን የምትይዝላት ዑሙሰልማ ናት። አንተ ለዚህ አታስብ። በየወሩ ሞጣ ሄጄ እሰማታለሁ። ትምህርትህን ብቻ ያዝ። ከዘራችን ዶክተር ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ።

አጎትህ ኃይለ ጊዮርጊስ


ቢቸና፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፤ ሰላም ላንተ ይሁን።

ሞጣ ደርሼ መጣሁ። ልጅቱ ደህና ናት፣ አድጋለች። የዓመቷን ድምፅ ከኅዳሩ ጋር አያይዤ ልኬልሃለሁ። በጣም ያምራል። የምትፈርመውን ፈርም።

ኃይለ ጊዮርጊስ


ኦዴሳ፣ የካቲት 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለየኔታ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፤

ጤናዎን እጠይቃለሁ። የምጽፈው ድፍረት ስለሆነ አስቀድሜ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

የጥቅምቱ፣ የኅዳሩና የታኅሣሡ ጽሑፍ ደርሶኛል። ደጋግሜ አዚሜአቸዋለሁ። በአራራይ ዜማ ይጀምራሉ፣ በአራራይ ያርፋሉ። ቅናት ባለበት ሁሉ የሚያወርደው ድፋት ይከተለዋል። ትንፋሽ የሚወሰደው መወሰድ ባለበት ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንዲህ አልነበሩም፤ መካከል ላይ ይጠፋሉ፣ ካልታሰበበት ይነሣሉ፣ አንዱ በማስነጠስ ያልቃል። ቱዋን እንኳ ሁለት ጊዜ ሰማና «ይህን አላውቀውም» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

የታኅሣሡን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ደብረ ወርቅ ሲያስተምሩኝ ብዕር እየቀረጹ ያንጎራጉሩት የነበረው ነው።

የኔታ፣ ይህ ልጄ አይደለችም፤ እርስዎ ነዎት። ድምፅዎን መስማቴ አላስከፋኝም፤ ናፍቄዎትም ነበር። ነገር ግን በሰኔ ለምፈርመው ወረቀት እጄን አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ዓመት ልጨምር የተነሣሁት እሷን እየሰማኋት ነው ብዬ ነው። እውነቱን ይጻፉልኝ። ታማለች? ዝም ብላለች? ምንም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ደምለው


ሞጣ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፤

አልታመመችም፣ ዝምም አላለች። በሰላምታ ፈንታ ይህን አስቀደምሁ።

ሦስቱም የእኔ ናቸው። ከመስከረም ወዲህ ሞጣን አላየኋትም ነበር። ፋይሌ ስላልተዘጋ የይለፍ ወረቀት ከለከሉኝ። አልቻልሁም ብዬ ብጽፍ ትምህርቱን ትተህ ትመጣለህ ብዬ ፈራሁና ራሴ ሕፃን ሆኜ ጻፍሁ። እንደምታየው አልሆንልኝም። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድሁብህ። ቀጥሎ፣ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ቢያንስ አንድ ጆሮ እንዳበጀሁ አወቅሁና ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርሁ። ያለሁት ሦስተኛው ላይ ነው።

ፋሲካን ውዬ ወደ ጓድ ፋንታ ሄድሁ። «ሊቀመንበር፣ ከመስከረም ወዲህ የላክኋቸው የሕፃን ድምፅ አይደሉም፤ የራሴ ፈጠራ ናቸው» አልኋቸው።

ፋይሌን አውጥተው ገለጡት። «ኮሚቴው ሦስቱንም ገልብጦ ሲያጠና ነው የከረመው።»

«ምን አገኛችሁባቸው?»

«ከመጀመሪያው ይልቅ እነዚህ ይሻላሉ ብለን ነበር» አሉ፤ ደስ ያላቸው አይመስሉም። ከዚያ የይለፍ ወረቀቱን ፈርመው፣ «ይሂዱና ትክክለኛውን ያምጡ» አሉኝ።

በእህል መኪና ደብረ ወርቅ አድሬ ሞጣ ገባሁ። ልጅቱ ጥምጥሜን አይታ ሦስት ቀን አንድ ቃል አልወጣትም። በአራተኛው ቀን ጥምጥሜን አውልቄ ከሱቁ ጥግ ተቀመጥሁ፤ ረሳችኝ። አሁን የምጽፈው ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

የምትውለው በእንድሪስ ጨርቅ መካከል ነው። ውኃ ስትፈልግ «ዋ» ትላለች፤ አጭር ነው፣ ቁርጥ አለበት፤ እስኪመጣላት አታቆምም። እናቷን «እማ» ትላታለች፤ ድፋት ነው፣ በቀስታ ታወርደዋለች። «እንቢ» ትላለች፣ እሱን ጥርት አድርጋ ነው። ቀሪው ቃል የለበትም፤ ግን ከሩቅ ለሰማት አንድ የእኛ አገር ሰው በመሬት ጉዳይ የሚከራከር ይመስላል። ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ይገረማል፣ መጨረሻውን ይሰቅለዋል። እንዳልኸው ጎጃሜ ሆናለች። የሆነችበትን ቀን ግን እኔም አላገኘሁትም።

አንድ ቃል ቀረኝ። «አባ» ትላለች። የምትለው እንድሪስን ነው።

ብዕሬን ሳነሣ እንድሪስ አየኝና፣ «መሪጌታ፣ ይኸንን አይጻፉት» አለ።

«ለምን?»

«አባቷ ሰው አገር ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለው አይጻፍለትም።»

«ያልሆነውን ጽፌ ነው እዚህ የደረስሁት» አልሁት።

የጨርቅ መለኪያ ሜትሩን ትንሽ ወዲያ ወዲህ አደረገ። «ከሱቅ ስገባ ጠዋት ጠዋት ፎቶውን አሳያታለሁ። አባ ይኸ ነው፣ እኔ እንድሪስ ነኝ እላታለሁ። ፎቶውን ታየዋለች፣ እኔን ታየኛለች፣ ከዚያ እኔን አባ ትለኛለች። ምን ላድርግ? ስትጠራኝ አቤት አልበል?»

ዑሙሰልማ ከውስጥ ሆና፣ «አቤት ይበል እንጂ፤ እኔ ስጠራው እንደሆነ አይሰማም» አለች።

ስለ ሦስቱ ዓመት ለይርጋነሽ ነገርኋት። አትንገሯት ብለኸኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን የምደብቀው አልተረፈኝም። ደብተር እያረመች ነበር። አንዱን ጨርሳ ሌላውን ገለጠች።

«ሦስት ዓመት» አለች። «ለማን ነው የነገረው?»

«ለእኔ።»

«እንግዲያው መልሱን እርስዎ ይስጡት።»

ልወጣ ስል ጠራችኝ። «አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ልጅቱ አባ የምትለው የምታየውን ሰው ነው። ሌላ ጥፋት የለባትም።»

የጻፍሁት እንደነገረችኝ ነው። መልሱን ስጡት ላለችኝ የምልህ ይኸው ነው። ዶክተር እንድትሆን የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ እሷ ዶክተር አልጠየቀችም።

አጎትህ
ኃይለ ጊዮርጊስ


ኦዴሳ፣ ሰኔ 10 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለየኔታ፤

እውነቱን ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። «አባ»ን በፊደል ጽፈው ልከውልኛል፣ ምልክት ግን አላደረጉበትም። ሆን ብለው እንደሆነ ገባኝ። ላዜመው አልሞከርሁም።

ወረቀቱን ሳልፈርም መለስሁት። ፕሮፌሰሩ ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ልጄ አፏን ፈታች አልኋቸው። ይህማ ደስታ ነው አሉኝ። አዎ አልሁ።

ለይርጋነሽ በዚህ ሳምንት ጽፌአለሁ፤ አራት ገጽ ነው። በሦስት ቃል ትመልስልኛለች።

ደምለው


ሞጣ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለመምህሬ ለመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፤ ቢቸና።

እርስዎም እትዬ ወለተ ገብርኤልም ክረምቱን በጤና እንደምትጨርሱ ተስፋ አደርጋለሁ። መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ በቢቸና በኩል ማለፍ ስላልቻልሁ እጅዎን ሳልስም ቀረሁ።

ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ይርጋነሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ከሳህ» አለች። ቀጥላም፣ «ግባ፣ ዝናብ ነው» አለች። ከሦስት ቃል በለጠ ብዬ በልቤ ቆጠርሁ።

ልጅቱ በእንድሪስ ሱቅ፣ ከአቡጀዲ ጥቅል ላይ ተቀምጣ ነበር። አየችኝና ጮኸች። የኔታ፣ ያን ድምፅ በዚያው ቀን ልጽፈው ወረቀት አውጥቼ ነበር። በደረት አይነሣም፣ በቅናትም አያልቅም፤ እንድሪስ እግር ሥር ገብታ እስክትሸሸግ ትንፋሽ አልወሰደችበትም። ሁለት ዓመት ስጓጓለት የኖርሁት ድምፅ ከጆሮዬ የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። እንድሪስ ከእኔ በላይ ደንግጦ፣ «ልጅ ነች፣ ልጅ ነች» እያለ ያባብለኝ ጀመር። እሷን ያባበላት ዑሙሰልማ ናት።

ከዚያ ወዲህ አትጮኽም። ግን ስም የለኝም። እንድሪስ አባ ነው፣ ዑሙሰልማ «ሰማ» ናት፣ የግቢው በግም ሳይቀር ስም አለው። እኔን ስትፈልግ እጇን ትቀስራለች፤ የምትፈልገኝም ከመንገዷ ላይ እንድነሣላት ነው። እንድሪስ በየጠዋቱ ፎቶዬን በአንድ እጁ፣ እኔን በሌላ እጁ እየያዘ ያሳያታል። ሁለታችንንም በትዕግሥት ታየናለች።

ትናንት እንድሪስ ገበያ ሄዶ ከሱቁ ደጃፍ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ነበር። መጥታ ፊቴ ቆመች። ወደ ውስጥ አየች፣ አባ የለም። ወደ ቤት አየች፣ እናቷ ትምህርት ቤት ናት። ከዚያ እኔን አየችኝና፣ «ተነስ» አለች። ተነሣሁ። የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር፤ በርጩማውን ዞረችውና፣ «ቁጭ» አለች። ተቀመጥሁ። «ተነስ» አለች። ዑሙሰልማ ከቤት ወጥታ እጇን በወገቧ አድርጋ፣ «ጋሽ ደምለው፣ ሩሲያ ይኸንን ነው የተማሩት?» አለችኝ። መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረኝም፤ «ቁጭ» ተብዬ ነበር።

ስንት ጊዜ እንደተነሣሁ አላውቅም። ምልክትም አላደረግሁበትም፤ ብዕር የምይዝበት ፋታ አላገኘሁም። በመጨረሻ ደከማትና ትታኝ ወደ ግቢው ሄደች። ከበሩ ስትደርስ ቆመችና ዞር ብላ አየችኝ። መኖሬን ይሁን መቀመጤን ልታረጋግጥ እንደሆነ አላወቅሁም።

ተቀምጬ ነበር።

ልጅዎ
ደምለው